የተሰረቀን ዕቃ መፈለግ ለክርስቲያን ይገባልን?

ሰው ወደዚህ ዓለም ሲመጣ ይዞት የመጣ ዕቃ የለም፤ ሲሄድም ይዞት የሚሄድ ዕቃ የለም። ነገር ግን በመምጣቱና በመሄዱ መካከል ባለው ዘመኑ የሚለብሰው ልብስ፣ የሚበላበት ገበታ፣ የዕለት ጉርሱን የሚያገኝበት መሣሪያ ያስፈልገዋል። ይህንም እግዚአብሔር በሰጠው ጉልበትና ዕውቀት ደክሞ፣ ወዙን አፍስሶ ያፈራዋል።

ከዕለታት አንድ ቀን ግን ባለቤቱ ከሥራ ወይም ከልቅሶ ቤት ሲመለስ መዝጊያው ተገንጥሎ፣ ሣጥኑ ተሰብሮ፣ ቤቱ ተበርብሮ ያገኛል። የሚስቱ ድሪና ቀለበት፣ ከአያቱ የወረደው የብር መስቀል፣ ልጆቹን የሚያሳድግበት የሥራ መሣሪያ ሁሉ ተወስዶአል። በዚያች ሰዓት የሰው አሳብ በሦስት ይከፈላል። አንዱ፦ የሆነው ሆነ፤ ለፈጣሪ ሰጥቼዋለሁ ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ሁለተኛው፦ የሰረቀኝን ሳላገኝ አልተኛም ብሎ ሠራተኛውን፣ ጎረቤቱን፣ ዘመዱን ሳይቀር በሌብነት ይከሳል። ሦስተኛው ደግሞ ወደ ጠንቋይ ደጅ ይሮጣል።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፦ የተሰረቀበት ክርስቲያን ንብረቱን ሊፈልግ ይገባዋልን? የሚገባውስ ከሆነ ፍለጋው እስከ ምን ድረስ ነው?

፩. መፈለግ አይገባም ለሚሉት

መፈለግ አይገባም የሚሉ ሰዎች ሁለት ማስረጃ ያቀርባሉ። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል በ6ኛው ምዕራፍ ንብረታችንን የወሰደውን ሰው መልስ እንዳንለው አስተምሮአል፤ በማቴዎስ ወንጌልም በ6ኛው ምዕራፍ ብል በሚበላው፣ ሌባ በሚቆፍረው ምድራዊ መዝገብ ላይ ልባችንን እንዳንጥል አስጠንቅቆአል ይላሉ። ቃሉ እውነት ነው፤ ሊያቃልለው የሚችል የለም። ነገር ግን ምሥጢሩን ማስተዋል ያስፈልጋል።

ይህ ትእዛዝ በመጀመሪያ የሚመለከተው ልብን ነው። ልቡን በዕቃው ላይ ያሰረ ሰው ዕቃው ሲወሰድ ልቡም አብሮ ይወሰዳል፤ ሌባው ሁለት ጊዜ ሰረቀው ማለት ነው። አንድም፦ ሰው የራሱን ድርሻ ቢተው ቸርነት ይባልለታል፤ የሌላውን ድርሻ ቢተው ግን ቸርነት አይባልለትም። አባት ካባው ቢወሰድበት ይቅር ብሎ በነጠላ ሊሄድ ይችላል። የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የሚስቱ ጥሎሽ፣ በአደራ የተቀመጠ የዕቁብ ገንዘብ፣ ከባልንጀራው የተዋሰው መሰርሰሪያ ሲሰረቅ ግን ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ ለማለት በቅድሚያ የእርሱ መሆን ነበረበት። የራስ ያልሆነውን መስጠት አይቻልም።

በተለይም የሥራ መሣሪያ ከሌላው ዕቃ ሁሉ የተለየ ነው። በኦሪት ዘዳግም በ24ኛው ምዕራፍ አበዳሪ የተበዳሪውን ወፍጮ መያዣ አድርጎ እንዳይወስድ ተከልክሎአል፤ ምክንያቱም ወፍጮውን መውሰድ የሰውየውን ነፍስ መያዣ አድርጎ እንደ መውሰድ ስለሚቈጠር ነው። ሕግ ለአበዳሪ እንኳ ያልፈቀደውን ሌባ ሲወስደው ጉዳቱ ምን ያህል እንደ ሆነ ማሰብ አያዳግትም። የልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪና፣ የአናጢው መጋዝና መላጊያ፣ የገበሬው ማረሻ፣ የብየዳ ሠራተኛው ማሽን ከገበያ ዋጋቸው በላይ ናቸው። ድሪ ቢጠፋ ቤተ ሰቡ ያዝናል፤ የስፌት መኪና ቢጠፋ ቤተ ሰቡ ይራባል።

በመጽሐፈ ነገሥትም ከነቢዩ ከኤልሳዕ ደቀ መዛሙርት አንዱ በዮርዳኖስ ዳር እንጨት ሲቈርጥ የመጥረቢያው ብረት ከእጀታው ወልቆ ውኃ ውስጥ እንደ ገባበት ተጽፎአል። ሰውየው የጮኸው መጥረቢያው ውሰት ስለ ነበረ ነው። ነቢዩም ስለ አንድ ብረት ይህን ያህል ትጨነቃለህን ብሎ አልገሠጸውም፤ የወደቀበትን ቦታ ጠይቆ ብረቱን በተአምር አንሳፈፈለት። ከዚህ የምንረዳው የሰውን አደራ ለመመለስ መጨነቅ እግዚአብሔር የማይንቀው ጭንቀት መሆኑን ነው።

፪. የዳዊት አብነት

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በ30ኛው ምዕራፍ የተጻፈው ታሪክ ለዚህ ጥያቄ እንደ መስታወት ነው። ዳዊትና 600 ሰዎቹ በሦስተኛው ቀን ወደ ጺቅላግ ሲመለሱ ከተማቸው ተቃጥሎ፣ ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው በአማሌቃውያን ተማርከው አገኙ። የማልቀስ ኃይል እስኪያጡ ድረስም አለቀሱ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ እናድርግ። ሕዝቡ ምሬታቸው በበዛ ጊዜ በአማሌቅ ላይ መነሣትን ትተው ዳዊትን በድንጋይ ሊወግሩት ተነጋገሩ። የዳዊት ሁለቱ ሚስቶች ራሳቸው ከምርኮኞቹ ጋር ነበሩ፤ እርሱም እንደ እነርሱ ተዘርፎአል። ነገር ግን አማሌቅ ሩቅ ነው፤ ዳዊት ቅርብ ነው። ኀዘን የበደለውን ሲያጣ በአጠገቡ ያለውን ይመታል። በተሰረቀ ቤት ሁሉ የመጀመሪያው ፈተና ይህ ነው።

ዳዊት ግን አስቀድሞ ልቡን በእግዚአብሔር አጸና። ቀጥሎም ካህኑን አብያታርን ጠርቶ ልከተላቸውን ብሎ ፈቃደ እግዚአብሔርን ጠየቀ፤ እንዲከተልም ተፈቀደለት። እንግዲህ የተወሰደን ለማስመለስ መነሣት በራሱ የእምነት ጉድለት ቢሆን ኖሮ ይህ ፈቃድ ባልተሰጠም ነበር።

በመንገድም ሰዎቹ ከሦስት ቀን ጀምሮ እህል ውኃ ያልቀመሰ ግብፃዊ በሜዳ ወድቆ አገኙ። ይህ ሰው ከዘራፊዎቹ ጋር የነበረ፣ ሲታመም ጌታው የጣለው አገልጋይ ነው። እጃቸው የገባው የመጀመሪያው ተጠርጣሪ እርሱ ነበረ። ነገር ግን አልደበደቡትም፤ ውኃ አጠጡት፣ እንጀራና በለስ፣ ዘቢብም አበሉት፤ ነፍሱ ከተመለሰች በኋላ ጠየቁት። እርሱም እውነቱን ተናገረ፤ እንዳይገድሉትና ለጌታው አሳልፈው እንዳይሰጡትም አስምሎ መንገዱን መራቸው። ዳዊትም የተወሰደውን ሁሉ ምንም ሳይጐድል አስመለሰ። ዱላ የተጠየቀውን ሰው የሚያናግረው ዱላው እንዲቀርለት ነው፤ ስለዚህ እውነት ይሁን ሐሰት አይታወቅም። ለዚያ ሰው ግን እውነትን መናገር የቀለለው የሚራራለት ሰው ስላገኘ ነው።

በመጨረሻም ደክመው በወንዝ ማዶ ከዕቃው ጋር የቀሩት 200 ሰዎች ድርሻ አይገባቸውም የሚሉ ተነሡ። ዳዊት ግን ዕቃ የጠበቀውና ሰልፍ የወጣው ድርሻቸው እኩል እንዲሆን ሥርዓት አደረገ። ይህ ሥርዓት ቤት ለሚጠብቁ ሁሉ ትልቅ ክብር ነው። በየቤታችን ሌሊቱን በብርድ የሚያድረውን ዘበኛ፣ ስንወጣ ቁልፍ የምንተውላትን የቤት ሠራተኛ ከዕቃችን ዋጋ አሳንሰን የምናይ ከሆነ የዳዊትን ፍርድ አልተቀበልንም።

፫. አስቀድሞ ስለ መጠበቅ

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለው የአባቶች ተረት ከተሰረቀ በኋላ ቁልፍ ለሚገዛ ሰው የተነገረ ይመስላል። ዘብ መቆም እግዚአብሔርን አለመታመን አይደለም። ጌታችንም ስለ ዳግም ምጽአቱ ሲያስተምር ሌባ የሚመጣበትን ሰዓት ቢያውቅ ኖሮ ሊነቃ ይገባው የነበረውን ባለቤት ምሳሌ አድርጎ አቅርቦአል፤ መንቃት የሚነቀፍ ሥራ ቢሆን ለሰማያዊው ነገር ምሳሌ ባልሆነ ነበር።

ስለዚህ ባለቤት ሊያደርገው የሚገባውን በአጭሩ እናመልክት። በቤቱ ያለውን ዋና ዋና ዕቃ በመዝገብ ይጻፍ፤ የስፌት መኪናው፣ የቴሌቪዥኑ፣ የማሽኑ መለያ ቍጥር በብረቱ ላይ ተቀርጾ ወይም ተለጥፎ ይገኛልና ይገልብጠው። ወርቁንና ብሩን፣ የብራና መጽሐፍም ካለው መጽሐፉን ፎቶግራፍ ያንሣ፤ የገዛበትን ደረሰኝ ያስቀምጥ። ቍጥር የሌለውን መሣሪያ በማይፋቅ ምልክት ስሙን ይቅረጽበት። በእጅ ስልክ ላይ *#06# ሲጫኑ 15 አኃዝ ያለው መለያ ይወጣል፤ ይህም ይጻፍ። መዝገቡና ፎቶግራፉ ከዕቃው ጋር በአንድ ሣጥን ቢቀመጡ አብረው ይሰረቃሉና ቅጂው በታመነ ዘመድ ዘንድ ይኑር። ቁልፍን ከምንጣፍ ሥር ወይም ከአበባ ማሰሮ ሥር መተው፣ ያለንን ወርቅ በየሠርጉና በየማኅበሩ መዘርዘር ሌባን መጥራት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው መዝጊያ ግን መልካም ጎረቤት ነው፤ ቤት ሲዘጋ ዐይኑን የሚጥል ጎረቤት ያለው ሰው በደመወዝ የማይገኝ ዘበኛ አለው።

ይህ ሁሉ ድካም ለምንድር ነው ቢሉ፣ ዕቃውን ለማስመለስ ብቻ አይደለም፤ ንጹሑን ሰው ለማዳንም ነው። ዕቃው በምን እንደሚታወቅ የማይናገር ባለቤት ያለው ማስረጃ ጥርጣሬው ብቻ ነውና በሰው ፊት ላይ ሌባ ይፈልጋል። ቍጥሩን የጻፈ ሰው ግን ዕቃውን በዕቃው ያገኘዋል።

፬. ከስርቆት በኋላ የሚገባ ሥርዓት

ስርቆት በደረሰ ጊዜ የመጀመሪያው ሥራ ምንም ሳይነኩ ወደ ፖሊስ ማመልከት ነው። የተሰበረውን ማንሣት፣ የተበተነውን መሰብሰብ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ ቤቱን ማስጎብኘት የሌባውን የእጅ አሻራ ያጠፋል። ቀጥሎ የባንክ ደብተር ወይም ካርድ ተወስዶ እንደ ሆነ ለባንኩ፣ ስልክ ተወስዶ እንደ ሆነ መስመሩን ለሰጠው ድርጅት ሳይዘገይ ማስታወቅ ያስፈልጋል። ከዚያም የዕቃውን ዝርዝርና ቍጥር ለመርማሪው መስጠት፣ እንዲሁም ለመሣሪያ ጠጋኞችና ለአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች ማሳወቅ ይገባል፤ የተሰረቀ መሣሪያ ከእነርሱ ደጅ ሊደርስ ይችላልና። ዕቃው በተገኘም ጊዜ ለፍርድ ማስረጃ ሆኖ የሚቈይ ከሆነ በትዕግሥት መጠበቅ የፍርድን ሥራ መርዳት ነው።

አባቶቻችንም ያለ ሥርዓት አልኖሩም። አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ በሚባለው ልማድ የአገሩ ሰው በአንድ ቦታ ተሰብስቦ በመሐላ ይጠየቅ ነበር፤ ሌባው ካልታወቀ ሕዝቡ በአንድነት ይክስ ነበር። ይህ ልማድ በደሉን የአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን የአገር ጉዳይ ማድረጉ የሚመሰገን ነው፤ ንጹሑንም ከበደለኛው ጋር ከእርሻውና ከሥራው ለይቶ ማቈየቱ ግን ጉዳት ነበረው። ሌባ ሻይ የሚባለው ደግሞ ከዚህ የከፋ ነበር። አንድ ልጅ የሚያደነዝዝ መጠጥ ተሰጥቶት በሰው እየተያዘ ይነዳና የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባል ነበር። በሰከረ ልጅ እግር የሰው ክብር ይፈረድበት ነበር ማለት ነው። ይህ ክፉ ልማድ ከብዙ ዘመን በፊት በመንግሥት ተከልክሎ ቀርቶአል፤ ነገር ግን ዛሬ ወደ ጠንቋይ ሄዶ «ከቤትህ የማይርቅ፣ ጠይም ሰው ነው የወሰደው» ተብሎ የሚመለስ ሰው ሌባ ሻይን በአሳቡ አስነሥቶታል። ከቤታችን የማይርቅ ጠይም ሰው የሌለው ማን ነው?

አንዳንዶችም ወደ ካህን መጥተው «ሌባውን ይገዝቱልኝ» ይላሉ። በመጽሐፈ መሳፍንት በ17ኛው ምዕራፍ ሚካ የተባለው ሰው ከእናቱ የሰረቀውን 1100 ብር የመለሰው የእናቱን እርግማን በጆሮው ሰምቶ ነው፤ እንግዲህ የተግሣጽ ቃል ኅሊናን የማንቃት ኃይል አለው። ነገር ግን ግዝት የነፍስ መድኃኒት ነው፤ የንዴት መወጫ ሊሆን አይገባም። የጠፋው ሰው እንዲመለስ ሳይሹ ዕቃው ብቻ እንዲመለስ ግዝት መሻት የቤተ ክርስቲያንን ሥልጣን እንደ ቁልፍ ሠራተኛ መቅጠር ነው።

፭. ፍለጋው የማያልፋቸው ሦስት ወሰኖች

የመጀመሪያው ወሰን የሰው ስም ነው። በመጽሐፈ ጦቢት በ2ኛው ምዕራፍ የጻድቁ የጦቢት ሚስት ሐና በእጅ ሥራዋ ደመወዝ ላይ ጠቦት ተጨምሮላት ወደ ቤት ብታመጣ፣ ባልዋ የተሰረቀ እንዳይሆን ለባለቤቱ መልሺ አላት። የተሰጣት መሆኑን ብትነግረውም አላመናትም። ጦቢት ጻድቅ ነው፤ የተሰረቀ አልበላም ማለቱም ጽድቅ ነው። ነገር ግን ጽድቁ ወደ ጥርጣሬ ባዘነበለባት በዚያች ሰዓት ደክማ ያመጣችውን ሴት አስቈጣ፤ በቤቱም ጠብ ገባ። ጻድቁ እንዲህ ከሆነ በዕቃው መጥፋት የተቃጠለ ሰው እንዴት ሊጠነቀቅ ይገባዋል!

በየቤቱ የሚሆነውን እንናገር። ቀለበት ይጠፋል፤ ከገጠር የመጣችው የቤት ሠራተኛ ትጠራለች፤ ሻንጣዋ በሰው ፊት ይፈተሻል፤ የወር ደመወዝዋ ይያዝባታል፤ በሌሊት ከደጅ ትወጣለች። ከጥቂት ወራት በኋላ ቀለበቱ ከእህል ጐታ ሥር ወይም ከአሮጌ ቀሚስ ኪስ ይገኛል። ቀለበቱ ተመልሶአል፤ ልጅቱስ? ሌባ ተብላ የወጣችበት ሰፈር ሌላ ሥራ አይሰጣትም፤ ወደ አባትዋ ቤትም አፍራ አትመለስም። በኦሪት ዘፀአት በ22ኛው ምዕራፍ በሬ ሰርቆ ያረደ ወይም የሸጠ አምስት፣ በግ የሰረቀ አራት፣ የሰረቀው በእጁ በሕይወት የተገኘ እጥፍ እንዲከፍል ተወስኖአል። የዕቃ ዋጋ በአምስትም በአራትም ይባዛል። የተሰረቀ ስም ግን በስንት ተባዝቶ ይመለሳል? ሐሜትን በየደጁ ዞሮ የሚለቅም ማንም የለም። ስለዚህ ያለ ማስረጃ የባልንጀራውን ስም ያጠፋ ሰው፣ ሌባው ከእርሱ ከወሰደው የሚበልጥ ከሌላው ወስዶአል። ጥርጣሬ ያለው ሰው ጥርጣሬውን ለመርማሪው ብቻ በምስጢር ይንገር፤ ለገበያና ለማኅበር አይንገር።

ሁለተኛው ወሰን የሰው ሕይወት ነው። በዚያው በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ በሌሊት ቤት ሲቈፍር ተመትቶ ስለ ሞተ ሌባ ባለቤቱ የደም ዕዳ እንደሌለበት፣ ፀሐይ ከወጣ በኋላ ከሆነ ግን የደም ዕዳ እንዳለበት ተወስኖአል። ምክንያቱ ምንድር ነው ቢሉ፣ በጨለማ የገባው ለዕቃ ይምጣ ለነፍስ አይታወቅም፤ በብርሃን ግን ይለያል። አንድም፦ ሌባው ዕቃውን ጥሎ ሲሸሽ፣ ወይም ተይዞ ሲታሰር ለእኛ ፀሐይ ወጣ ማለት ነው። ሌባ! ሌባ! የሚለውን ጩኸት ሰምቶ፣ ማን ምን እንደ ወሰደ ሳያውቅ፣ የታሰረውን ሰው በድንጋይና በዱላ የሚመታ መንገደኛ ፀሐይ ከወጣ በኋላ ደም ያፈሳል። ለስርቆት ሕግ ያዘዘለት ቅጣት አለው፤ ለእጅ ስልክ የሰው ነፍስ ዋጋ ሆኖ አልተመደበም።

ሦስተኛው ወሰን የሌላው ሰው ንብረት ነው። መጋዙ የተሰረቀበት አናጢ ሥራው እንዳይቆም ወደ አሮጌ ዕቃ ገበያ ይሄድና በሩብ ዋጋ መጋዝ ያገኛል። ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም፤ ቢጠይቅ ዋጋው ይወደዳልና። በዚህም የእርሱን ዕንባ ለሌላ አናጢ አሻገረ። ተቀባይ ባይኖር ሌባ አይኖርም ይባላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ ዕቃ የሚገዛውንና የሚሸሽገውን ይቀጣል። በመርካቶ ምናለሽ ተራም ሆነ «ቁራሌው» እያሉ በየሰፈሩ በሚዞሩት ዘንድ አሮጌ ዕቃ መግዛትና መሸጥ በራሱ የታመነ እንጀራ ነው፤ ብዙ ድኃ ይኖርበታል። ኅሊና ያለው ገዢ ግን የሻጩን ማንነት ይጠይቃል፤ ቍጥሩ የተፋቀውን፣ ዋጋው ከልክ ያለፈ ርካሽ የሆነውን ይተዋል።

የተቀባይ ነገር የት እንደሚያደርስ ቤተ ክርስቲያናችን በራስዋ ላይ አይታዋለች። «አፍሮ አይገባ» የተባለው የላሊበላ የቤተ መድኃኔ ዓለም የወርቅ መስቀል እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1997 ተሰርቆ በቤልጅግ አገር ከሚኖር የጥንት ዕቃ ሰብሳቢ እጅ ደርሶ ነበር፤ በ2001 ወደ ቦታው ተመለሰ። የሚገዛ ባይኖር ኖሮ ያን ያህል ባልራቀ፤ መልኩ አስቀድሞ በፎቶግራፍ ባይታወቅ ኖሮም የማን መሆኑን ማስረዳት በከበደ ነበር። ለታላቁ መስቀል የሆነው ለአንድ ድኃ የስፌት መኪናም እንዲሁ ነው።

፮. ለሰረቀውም ቃል አለን

ይህን የሚያነብ ሰው በቤቱ የሌላ ሰው ዕቃ ያለው እንደ ሆነ የመመለሻ መንገድ አልተዘጋበትም። ዘኬዎስ በሐሰት ከወሰደው አራት እጥፍ ሊመልስ በፈቀደ ጊዜ መዳን ወደ ቤቱ ገባ። ቅዱስ ጳውሎስም ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት የሚሰርቅ ሰው መስረቁን ትቶ በእጁ እንዲሠራ፣ ከሠራውም ለችግረኛ እንዲያካፍል አዝዞአል፤ ትናንት ከሰው ቤት የወሰደች እጅ ነገ ለሰው ትሰጣለች ማለት ነው። ዕቃውን ይዞ መቅረብ የሚያፍር ሰው ለንስሐ አባቱ ይንገር፤ ካህኑ ስሙን ሳይገልጥ ለባለቤቱ ሊያደርስለት ይችላል። ነገር ግን ዕቃውን በቤቱ አስቀምጦ ስለ ኀጢአቱ ብቻ መናዘዝ እሾሁን ሳያወጡ ቍስሉን እንደ መሸፈን ነው፤ ከሥር ያመረቅዛል።

በጠቅላላው የተሰረቀን ዕቃ መፈለግ ይገባል፤ በተለይ የሥራ መሣሪያንና የሰውን አደራ መፈለግ ግዴታ ነው። አስቀድሞ መጠበቅ፣ ጽፎ መያዝ፣ ለሕግ ማመልከት የትጉህ ባለቤት ሥራ ነው። ፈልጎ ያላገኘም ሰው የሚቈጨውን ተቈጭቶ ለእግዚአብሔር ይተወው፤ ያን ጊዜ መተውም በእውነት መተው ይሆንለታል። ማታ ቤቱን ዘግቶ ሲተኛ ግን የጠፋውን ከመቍጠሩ በፊት ይህን ራሱን ይጠይቅ፦ ዕቃዬን ስፈልግ የማንን ስም አነሣሁ? የማንንስ ፊት አጠቈርሁ? በዚህ ጥያቄ ፊት ንጹሕ ሆኖ የተገኘ ሰው ሣጥኑ ባዶ ቢሆንም ቤቱ አልተዘረፈም።

የተዘረፉትን ያጽናና፣ የዘረፉትን ለንስሐ ያብቃ፣ ንጹሓንን ከሐሰት ክስ ይጠብቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።